ሁለት ጠባብ በር

በረዶ ሲያለሰልስ ሃያ ዓመት የኖረ፣
ባልለሰለሰው ላይ ቅልጥሙ ተሰበረ።
አርማን ላቫሌ ነው፣ የሴንት ቦኒፌስ ሰው፣
የዊኒፔግን የሆኪ ሜዳ፣ ማታ ማታ እየዞረ
በዚያ ግዙፍ መኪና መስታወት የሚያስመስለው።
የጣለው ግን ሜዳው አይደለም፤ የውጩ ነው፣
የመኪና ማቆሚያው፣ ማንም ያልዳመጠው፤
በኅዳር መጨረሻ፣ ቁልፉን ሲፈልግ ከኪሱ፣
እግሩ እንደ ተተከለ፣ ዞሮ ወደቀ እሱ።

እኔ ራጅ አንሺ ነኝ።
ሰው የማውቀው በጥላው፣ ከፊቱ አስቀድሜ፤
እሱንም እንዲያ አየሁት፣ በጨለማው ክፍል ቆሜ፦
ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣
እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዞ፣ ተከፍሎ፤
ከጎኑ አንዲት ስንጣሪ፣ የጠፋባት ቦታዋ፣
በር ላይ እንደ ቆመች ልጅ፣ ያኮረፈች ከእናቷ።

ዶክተር ፍሪሰን መጣች። በአውራ ጣቷ ጫነችው፣
ያበጠውን፣ ያብረቀረቀውን፣ እንደ በለስ የጠቆረውን።
«ዛሬ አንነካውም» አለች። «ቆዳው ሲሸበሸብ ጥሩኝ።»
አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን፣ እግሩ በውጭ ብረት ታስሮ።
በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ማሪቴስ፣ ነርሷ፣
ከኮሪደሩ ጫፍ ጮኸች፦ «ተጨማደደ!»
በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፣
መጨማደድ እንደ ምሥራች ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የሰማሁት።

ሁለት ስንጥቅ ብቻ። አንዱ ከጉብታው ሥር፣
አውራ ጣት የማያህል፤ ሌላው ከላይ፣ ከሱም የሚያጥር።
ብረቱ በታችኛው ገባ፤ ቀጭን፣ እንደ አጥንቱ የጎበጠ፣
በቆዳና በአጥንት መሃል፣ በበር ሥር እንደሚገባ ደብዳቤ
ሾልኮ ሰመጠ።
«ምስል» ትላለች። ፔዳሉን እረግጣለሁ።
«ምስል።» እረግጣለሁ።
ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ እርሳስ ለብሻለሁ።
እግሩን ማንም አያየውም፤
ሁላችንም ወደዚያ ግራጫ መስኮት አፍጠናል።

አንድ ወጣት ሐኪም ጠየቀ፦ «ከፍተን ለምን አናየውም?
ቁርጥራጩን ለቅመን፣ ጥርስ ከጥርስ ለምን አንገጥመውም?»
«እዚያ የረጋ ደም አለ» አለች፣ ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል።
«ሐኪሙ እሱ ነው። እኛ አጃቢ ነን።
አጥበን ከደፋነው፣ ማን ይገጥመዋል?»

በልጅነቴ ክንዴን ያሸው ወጌሻ፣ ደብረ ሲና፣
ሲዳስስ ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ ገባኝ አሁን ገና።
(አላሞግሰውም። ክንዴ ዛሬም ማጭድ ነው።
ጣቱስ ባልከፋ፤ ምስል ነበር ያጣው።)

ብሎኑ ሲጠብቅ ግን ያሰብኩት ሌላ ስብራት ነው፦
ወንድሜ ይርዳው፣ ካልጋሪ።
በአባታችን ቤት ሽያጭ ተጣላን፤ በደወልኩ ቁጥር እከፍታለሁ፣
ማን ምን አለ፣ መቼ፣ በየትኛው ቃል፣ ቁርጥራጩን እለቅማለሁ፤
አጥቤ፣ አጥርቼ፣ ልክ ላስገባ ስል
የረጋው ሁሉ ይፈስሳል።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት አርማን በከዘራ መጣ፤
በስንጥቁ ዙሪያ፣ በራጁ ላይ፣ ጉም የመሰለ ነገር ወጣ።
ያቺም ስንጣሪ፣ ያኮረፈችው፣ ማንም ሳይጎትታት
ከፊሏ ገብታለች፤ ከፊሏ በር ላይ ናት።
«ይሄ ብረት» አለኝ፣ የሱሪውን እግር እያወረደ፣
«ከእኔ ቀድሞ ነው ብርድ የሚያውቀው፤ በሩን ስከፍት በረደ።»

ማታ ለይርዳው ደወልኩ።
«እዚያ ስንት ገብቷል ብርዱ?»
«አሥራ ዘጠኝ» አለ። ቆይቶ፣ «ነፋስም አለው።»
«እዚህም» አልኩት።
ስለ ነፋሱ ብቻ አወራን፣
ሻዩ እስኪቀዘቅዝ።